ላሚቱ መንገድ ስትገባ፣ መሪው ወዴት?

እጃጂ ውስጥ አስፋልቱን ተጠግቶ ከተሠራ አንድ ምሳ ቤት ተቀምጠን ነበር። ለዘመድ ሠርግ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ደጅ ያቆማትን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በአገጩ እያመለከተ ስለ ካሜራዋና ስለ ራዳሯ ሲያወራን ቆየና፣ «ላም ድንገት ብትገባባት እንኳ እኔን አትጠብቅም፤ መሪውን ራሷ አዙራ ታመልጣለች» አለ። አጠገባችን በነቀምት መስመር ለብዙ ዓመት ሃይሩፍ የነዳ ሹፌር ጉርሻውን ሳይጨርስ ቀና አለ። «ወዴት ነው የምታመልጠው ልጄ?» ወጣቱ ፈጠን ብሎ፣ «ወደ ባዶው ነዋ ጋሼ!» ሲል መለሰ። ሹፌሩ ክርክር አልጀመረም፤ እጁን ወደ መንገዱ ዘረጋ። በግራ በኩል አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ እየወረደ ነው። በቀኝ በኩል ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይሄዳሉ፤ ከልጆቹ ኋላ ሁለት የተጫኑ አህዮች፣ ከአህዮቹ ኋላ ተሳፋሪ የምታወርድ ባጃጅ። «እስቲ ባዶውን አሳየኝ» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣችም። ስለ አዳዲሶቹ መኪኖች በየመሥሪያ ቤቱና በየካፌው የሚነሣው ጥያቄ «ድንገተኛ ነገር ሲያጋጥመው መኪናው ራሱ መሪ ያዞራል ወይስ አያዞርም?» የሚል ነው። ጥያቄው የተተከለው በተሳሳተ ቦታ ይመስለኛል። አንዳንድ መኪኖች በእርግጥ ያዞራሉ፣ ወይም ሹፌሩ ሲያዞር ያግዙታል። ነገር ግን ከጊንጪ እስከ ባኮ ባለው ዓይነት መንገድ ላይ የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ በረከት መሪ ማዞሩ አይደለም። ቀድሞ ፍሬን መያዙ ነው፤ መኪናው ሊንሸራተት ሲል ሚዛኑን መጠበቁ ነው። መሪ አዙሮ ማምለጥን እንደ ዋና መዳኛ የሚቆጥር ሰው፣ በማሽን ቢታገዝም ባይታገዝም፣ ላሟን አድኖ ተማሪውን ሊመታ ይችላል። ይህን የምለው ቴክኖሎጂውን ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም ዛሬ ከያዙት ባለ መኪኖች ይልቅ ጨርሶ ላላገኙት ተሳፋሪዎች እንዲደርስ አጥብቄ ስለምፈልግ ነው።

ባትሪውን ፈልገን ካሜራው አብሮ መጣ

ግራ መጋባቱ የመጣው ቴክኖሎጂው ወደ አገራችን ከገባበት በር ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማገዱን ይፋ ሲያደርግ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ውሳኔ በመውሰድ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። የውሳኔው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። ገዢውም የጠየቀው በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፣ ባትሪው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ነው። ነገር ግን ከቻይና የመጡት ቢዋይዲዎች፣ የፎልክስዋገን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ መኪኖችና ሌሎችም ከባትሪያቸው ጋር ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ከመሃል መስታወቱ ጀርባ ካሜራ፣ ከፊት ባምፐሩ ውስጥ ራዳር፣ ዙሪያውን ደግሞ ለማቆሚያ የሚያግዙ ትንንሽ ሴንሰሮች። ማንም አስቦበት የመረጠው አልነበረም። አንዳንዱ መኪና ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነ ማስጠንቀቂያው በቻይንኛ ፊደል ብልጭ ይልና ሹፌሩ ምን እንደተባለ ሳያውቅ ይጠፋል። ስለዚህ መኪናው ምን እንደሚችል ሰው የሚማረው ከመመሪያ መጽሐፉ ሳይሆን ከወዳጅ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ ከማሽኑ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል።

በእኛ አገር «የሹፌር ረዳት» ሲባል ሁሉም ያውቀዋል። በር ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ የሚጠራው፣ ሂሳብ የሚቀበለው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ወርዶ «ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ የሚያስቆመው፣ በሩን ሁለቴ ደብድቦ «ሂድ» የሚለው ሰው። ብልህ ሹፌር ረዳቱን ይሰማል፤ መሪውን ግን አያስረክበውም፣ በራሱ ስፖኪዮም ማየቱን አይተውም። አዲሱ ሥርዓትም ከዚህ የሚበልጥ ሥልጣን የለውም። ዛሬ በመንገዳችን ላይ ያሉት የግል መኪኖች ቢበዛ የሚደርሱት ማሽኑ ለጊዜው መሪና ፍሬን የሚያግዝበት፣ ኃላፊነቱ ግን ሙሉ በሙሉ ከሰው ትከሻ የማይወርድበት ደረጃ ላይ ነው። ሲደክም የሚያነቃ፣ ሲዘናጋ የሚጮህ፣ ሲዘገይ ፍሬን የሚረግጥ ረዳት ነው እንጂ ሁለተኛ ሹፌር አይደለም።

ይህ ረዳት በአንድ ቀን አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1978 መርሴዲስና ቦሽ ጎማ በፍሬን ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገውን ኤ.ቢ.ኤስ. ለገበያ አወጡ። ጥቅሙ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የመቆሚያ ርቀትን ማሳጠር ብቻ አይደለም። ጎማ ሲቆለፍ መሪ ይሞታል፤ ኤ.ቢ.ኤስ. ፍሬን በሙሉ ኃይል ተረግጦ እያለ መሪው እንዲታዘዝ ያደርጋል። በ1995 ደግሞ ሁለቱ ኩባንያዎች መኪናው ከሹፌሩ ፍላጎት ውጭ ሲዞር አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን እየያዘ የሚያቀናውን ሥርዓት ጨመሩ። ኢ.ኤስ.ፒ. ይባላል፤ እኔ ግን ሚዛን ጠባቂ ብለው ደስ ይለኛል። መሪው የተጠመዘዘበትን ልክና መኪናው በእውነት የዞረበትን ልክ ያስተያያል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ በሰከንድ ቅንጣት ጣልቃ ይገባል።

የዚህን ሥርዓት ዋጋ ለዓለም ያሳወቀው መሐንዲስ ሳይሆን እንስሳ ነው። ስዊድን ውስጥ ሙስ የሚባል ከበሬ የማይተናነስ ግዙፍ አጋዘን ከጫካ ወጥቶ መንገድ መሃል ይቆማል። የአገሪቱ የመኪና መጽሔት ቴክኒከንስ ቨርልድ ይህን አስቦ መኪኖችን ድንገት ወደ ግራ አዙሮ ወዲያው ወደ መስመራቸው በመመለስ ይፈትናቸዋል። በኦክቶበር 1997 አዲሷ መርሴዲስ ኤ-ክላስ በዚህ ፈተና ላይ ተገለበጠች። ኩባንያው መጀመሪያ ቢያንገራግርም በኋላ መኪናዋን ማስረከብ አቁሞ ለእያንዳንዷ ሚዛን ጠባቂውን ገጠመላት። ያ ውድ ነገር ወደ ትንንሽ መኪኖች የወረደው ከዚያ ወዲህ ነው። ልብ በሉ፤ መኪናዋ የወደቀችው እንቅፋቱን ስትሸሽ ሳይሆን ሸሽታ ስትመለስ ነው። በእኛም መንገድ «ላም ሊያድን ሲል ተገለበጠ» ሲባል ነገሩን ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ያው ነው። የመጀመሪያው ጥምዘዛ ይሳካል፣ ሁለተኛው ይገድላል። ፖርቶመጋላው ላይ ጆንያና ዶሮ የጫነ፣ ወንበሩ ሞልቶ መሃሉ በበርጩማ የተደረደረ ሃይሩፍ ደግሞ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ያን ሁለተኛ ጥምዘዛ የመቋቋም አቅሙ ከትንሿ ኤ-ክላስ ያነሰ ነው።

ወጣቱ ያወራልን መሪ የሚያዞረው ሥርዓት የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ውስንነቱም ከሁሉም ይበልጣል። በጣም የተለመደው ዓይነት በራሱ አይጀምርም። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ካሜራውና ራዳሩ ከፊት ያለውን ነገር ስፋትና ርቀት አስልተው በመሪው ሞተር ጉልበት ይጨምሩለታል፤ ካለፈ በኋላም ከልክ በላይ እንዳይመልስ ያግዙታል። ፎርድ በ2018ቱ ፎከስ ያቀረበው ይህን ነው። በራሱ ከሚጀምሩት አንዱ ሌክሰስ በ2017 በኤልኤስ ሞዴሉ ያመጣው ነው። እሱ ግን መሪ የሚያዞረው ፍሬን ብቻውን እንደማይበቃ ሲያሰላና እንቅፋቱን ከራሱ መስመር ሳይወጣ ማለፍ ሲችል ብቻ ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስም እንደ እጃጂው ሹፌር «ባዶውን አሳየኝ» ብሏል ማለት ነው። ባዶው በራሱ መስመር ውስጥ ካልተገኘ ማሽኑ መሪውን አይነካም። ያን መስመር ለማወቅ ደግሞ አስፋልቱ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ማየት አለበት። ቀለሙ በጎማ ተፍቆ ባለቀበት፣ ጠርዙም በአፈር በተሸፈነበት መንገድ ላይ የሚያየው ነገር የለም።

የሜትርና የሰከንድ ሒሳብ

መሪ የማዞር ደጋፊዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ ክርክራቸው ፊዚክስ ነው፤ ሳልመዝነው ላልፍ አልችልም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ደረቅ አስፋልትና ደህና ጎማ ካለው ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም 35 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ሁለት ሜትር ወደ ጎን ተነሥቶ ለማለፍ ግን ከ1 ሰከንድ ትንሽ ያለፈ ጊዜ፣ በርቀት ደግሞ 28 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ እንቅፋቱ 30 ሜትር ላይ ቢሆን ፍሬን አያድንም፣ መሪ ግን ያድናል። ፍጥነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ የፍሬን ርቀት በፍጥነቱ ካሬ ሲያድግ የመሪው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ብቻ ነውና። ስሌቱ የሚገለበጠው 60 ኪሎ ሜትርን ጥቂት ሲያልፍ ነው። ከዚያ በታች ፍሬን ይቀድማል፣ ከዚያ በላይ መሪ ይቀድማል። ሰፊ ትከሻ፣ የተከለለ አካፋይ፣ ሦስት መስመር ባለው አውራ ጎዳና ላይ ይህ ክርክር ያሸንፋል። በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ተከራከሩኝ፤ እስማማለሁ።

በነቀምት መንገድ ግን ሒሳቡ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ያች ሁለት ሜትር ማን ይዟታል? ከሆለታ እስከ አምቦ፣ ከጉደር ዳገት እስከ ጌዶ፣ ከጌዶ ወደ እጃጂና ባኮ በሚወርደው ቁልቁለት መንገዱ ለአብዛኛው ርቀት አንድ መስመር መሄጃ፣ አንድ መስመር መምጫ ነው። ትከሻው የእግረኛ ነው፤ በክረምት ጭቃው ሲብስ እግረኛው ከትከሻው ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው፣ አንዳንድ ቦታም የሚሰጣው እህል ሁሉ እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ወደ ግራ ማዞር ፊት ለፊት ከሚመጣው ጋር መላተም ነው፤ በዚያን ጊዜ የሁለቱ ፍጥነት ይደመራል። ወደ ቀኝ ማዞር ደግሞ ሰው ላይ መውጣት ነው።

ሌላም ሒሳብ ላክል፤ ይህኛው ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው። ላሟ ከመኪናው 40 ሜትር ላይ ገባች እንበል። በ80 የሚነዳ ሹፌር ነገሩን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 22 ሜትሩ አለቀ፤ በቀረችው 18 ሜትር ውስጥ ፍጥነቱ የሚወርደው ወደ 56 ብቻ ነው። በ56 ይመታታል። ማሽኑ በ0.3 ሰከንድ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ቢይዝ ግን መኪናው እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ 19 ገደማ ይሆናል። በ56 መመታትና በ19 መመታት ለላምም ለሰውም የሞትና የመትረፍ ልዩነት ነው። መሪ ሳይነካ፣ ወደ ማንም ሳያዞር፣ በራሱ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ። ይህ ነው የማሽኑ ትልቁ ሥጦታ። አሁን ደግሞ ማሽኑን አውጡትና ያው ሹፌር በ80 ፈንታ በ60 ይንዳ። አንድ ሰከንዱን ቢያባክን እንኳ 37 ሜትር ላይ ቆሟል፤ ላሟ ጋ አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል የሚለው ለዚህ ነው። አስፋልቱ ሲረጥብ፣ በተለይ ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና ዘይቱን ሲያላቁጠው፣ የፍሬን ርቀቱ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ያለቀ ጎማ ካለ ደግሞ ማንኛውም ኮምፒውተር የሌለ ጉልበት ከአስፋልቱ ሊበደር አይችልም።

ሹፌሮቻችን ከፍሬን ይልቅ መሪን የሚመርጡበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ለመናገር ያስቸግራል እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። ከብት የገጨ ሹፌር የሚፈራው ከብቱን ብቻ አይደለም፤ የሚሰበሰበውን ሰው፣ የሚጠየቀውን ካሣ፣ የሚውልበትን ቀን ጭምር ነው። ስለዚህ እግሩ ፍሬን ላይ ሳይደርስ እጁ መሪውን ያዞራል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። አንቀጽ 2081 ደግሞ የመኪናን ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለቱንም በእኩል ዓይን ያያል፤ መንገድ ዳር በሚደረግ ሽምግልና ግን የሚታየው ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። ሹፌር ላሟን ገጭቶ በሰላም ሪፖርት ማድረግ እንደሚችል እስካላመነ ድረስ መሪውን ወደ ልጆቹ የሚያዞረው ፍርሃት በማንኛውም ሶፍትዌር አይጠፋም።

አህያ ያላየ ዓይን

የማሽኑ ዓይን የሚያየው የተማረውን ነው። ቮልቮ ትልልቅ እንስሳትን የሚለይ ሥርዓት ሠርቶ በሙስ እና በአጋዘን አሠለጠነው። ወደ አውስትራሊያ ሲወስደው ግን ካንጋሮ አሳፈረው። ሥርዓቱ የእንስሳውን ርቀት የሚለካው መሬቱን መነሻ አድርጎ ስለነበር ካንጋሮው ሲዘል ራቅ ያለ፣ ሲያርፍ ቀረብ ያለ ይመስለው ነበር። ኩባንያው ይህን እ.ኤ.አ. በ2017 በይፋ ተናግሯል፤ እንዲህ ያለ ግልጽነት ይከበራል። አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ጭድ የተጫነች አህያ ከፊት ስትታይ አህያ አትመስልም፤ አራት ቀጫጭን እግር ያለው የጭድ ክምር ናት። በባህር ዛፍ እንጨት የተጫነች ደግሞ ከመኪና ትሰፋለች። ለሻንጋይ ጎዳና የተዘጋጀ ካሜራ ይህን አይቶ ምን ብሎ ይሰይመዋል? ስም ያልሰጠውን ነገር ማሽን ቶሎ አይፈራም። በማርች 2018 አሪዞና ውስጥ ኡበር ይሞክረው የነበረ ራሱን የሚነዳ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገድሏል። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት ሥርዓቱ ከአምስት ሰከንድ በፊት አይቷት ነበር፤ ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ሲዋልል ጊዜው አለቀ። ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ የሚሻገር ሰው ይኖራል ብሎም አልተዘጋጀም። እኛ ዘንድ ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ መሻገር የዕለት ኑሮ ነው፤ ከአምቦ መውጫ እስከ ባኮ መግቢያ የተቀባ ዜብራ ፈልጎ የሚሻገር ገበሬ አላየሁም።

ጨለማው ደግሞ ለብቻው ይነገር። የአሜሪካ የሀይዌይ ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት እግረኛ የሚለይ አውቶማቲክ ፍሬን የእግረኛ አደጋን በ27 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመንገድ መብራት በሌለበት ጨለማ ግን ልዩነት አልተገኘም። ከጌዶ እስከ እጃጂ ያለው ሌሊት የትኛው ዓይነት ጨለማ እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። በዚያ ላይ የእኛ የሌሊት እንቅፋት የራሱ መልክ አለው። የተበላሸ ኤፍ.ኤስ.አር. የጭነት መኪና ያለ መብራት መስመሩን ይዞ ይቆማል፤ ባለቤቱ በማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ፈንታ ቅጠልና ድንጋይ ደርድሮ ያልፍና ሲጠገን ድንጋዩን ትቶት ይሄዳል። ራዳር የቆመ ነገርን ከድልድይ ብረትና ከምልክት ሰሌዳ ለመለየት ይቸገራል፤ ብዙ የመኪና መመሪያዎች በከፍተኛ ፍጥነት ለቆመ ተሽከርካሪ ላይሠራ እንደሚችል በግልጽ ያስጠነቅቃሉ። ጉልበት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ በጥቁር አስፋልት ላይ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ለካሜራም ለራዳርም ምንም ነው። እዚያ ላይ የሚያድነው የፊት መብራት የሚደርስበትን ያህል ብቻ መፍጠን ነው።

ቅንጦት ነው የሚሉና የሚያጠፉት

እስካሁን ያልኩትን ይዞ «እንግዲያውማ ይህ ነገር ለእኛ ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ መንገዱና መንጃ ፈቃዱ ይስተካከል» የሚል አለ። ይህን አስተሳሰብ ከልቤ እቃወመዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በዓመት ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገምቷል። መንገዱ እስኪሰፋ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቁጥር ከነስሙ እያየ የሚጠብቅ ነው። ሚዛን ጠባቂው በተለይ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት ባለሥልጣን ግዴታ ሲያደርገው መኪና ብቻውን የሚገባበትን አደጋ ለቤት መኪኖች በ34፣ ከፍ ላሉት ኤስ.ዩ.ቪ. መኪኖች ደግሞ በ59 በመቶ እንደሚቀንስ ገምቶ ነበር። ከፍ ያለ መኪና ይበልጥ ተጠቃሚ መሆኑን ልብ በሉ። የእኛ ሕዝብ የሚሳፈረው ከፍ ባሉት ነው፤ በሃይሩፍ፣ በአባዱላ፣ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ በተሠራው ቅጥቅጥ። ሥርዓቱ ደግሞ ቀለም የተቀባ መስመርም፣ መብራትም፣ አህያ የሚያውቅ ካሜራም አይፈልግም። የሚያነበው የራሱን ጎማና የራሱን መሪ ነው፤ ስለዚህ እጃጂም የጀርመኗ ሽቱትጋርትም ለእሱ አንድ ናቸው።

በሌላው ጫፍ ያሉት ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ናቸው፤ መኪናው በእጃቸው እንደገባ አውቶማቲክ ፍሬኑን ያጠፉታል። ምክንያታቸው ሞኝነት አይደለም። ባጃጅ ፊታቸው ሲታጠፍ ማሽኑ ደንግጦ በኃይል ይይዛል፤ ከኋላ ተለጥፎ የሚመጣው የጭነት መኪና ግን አይይዝም። መስመር ጠባቂው ደግሞ ፍሬቻ ሳይበራ ጉድጓድ ሊያልፉ ሲሉ መሪውን ወደ ጉድጓዱ ይመልስባቸዋል። ሁለተኛውን ቅሬታ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ በእኛ መንገድ ላይ መስመር ጠባቂውን ማጥፋት ያስኬዳል። አውቶማቲክ ፍሬኑን ማጥፋት ግን ስሕተት ነው። ከኋላ ያለው ሰው ርቀት አለመጠበቁ የእሱ ጥፋት ነው፤ ከፊት ያለው ልጅ ሕይወት መክፈያ ሊሆን አይገባም። ማሽኑ በከንቱ የሚደነግጥበትን ጊዜ መቀነስ ደግሞ ይቻላል። ባምፐሩ ላይ የደረቀውን ጭቃ መጥረግ፣ የፊት መስታወት ሲቀየር ካሜራው እንደገና እንዲለካ ጋራዡን አጥብቆ መጠየቅ ነው። በሚሊሜትር የተዛባ ካሜራ 50 ሜትር ላይ ሌላ መስመር ያያል።

ሕግ አውጪዎችም የሚከተሉት መስመር ይህንኑ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርብ አዲስ የቤት መኪና አውቶማቲክ የአደጋ ፍሬንና የፍጥነት ወሰን አስታዋሽ ሊኖረው ግድ ነው። ከእንቅፋት አዙሮ የሚያስመልጥ መሪ ግን ግዴታ አልተደረገም፤ ያ የሰፊ መንገድ፣ የጥሩ ቀለምና የባዶ ትከሻ ቴክኖሎጂ መሆኑን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። እንግዲህ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ስለ መኪና ደህንነት መሥፈርት ሲያስብ ከስክሪኑ ስፋት በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ እላለሁ። ሰው የሚጭን ማንኛውም አዲስ ተሽከርካሪ ኤ.ቢ.ኤስ.ና ሚዛን ጠባቂ አለው ወይ? ካለውስ ይሠራል ወይ? የግል ኤሌክትሪክ መኪና የያዘው ወጣት ኤ.ቢ.ኤስ.ንም ሚዛን ጠባቂውንም አግኝቷል፤ ለዚያው ሠርግ በቅጥቅጥ የመጡት አክስቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አንዱንም አላገኙም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ የገንዘብና የገበያ ክርክር ይኖራል፤ ጊዜም ይወስዳል። ሁለተኛው ግን ዛሬ በየዓመቱ ቦሎ ለመለጠፍ በሚደረገው ምርመራ ላይ ሊጀመር ይችላል። ሥርዓቱ ያለው መኪና ቁልፉ ሲዞር በዳሽቦርዱ ላይ የኤ.ቢ.ኤስ.ና የሚዛን ጠባቂው መብራቶች ይበራሉ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋሉ። በርቶ የሚቀር መብራት ሥርዓቱ መሞቱን ይናገራል። ጨርሶ የማይበራ ደግሞ አምፖሉ የተነቀለ ወይም ገመዱ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ብልሽቱን ከገዢ ለመደበቅ የሚደረግ ነገር ነው። መርማሪው ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙሮ እነዚያን ሁለት መብራቶች ይቁጠር።